እማዬ የተከተለችው ምት

እመኑኝ፣ ይህ በገዛ ቤቴ የሆነ ነው። በጨለማ አይደለም... በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

እኔ ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስሱ ግድግዳ ማዶ የእግር ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች።

ያን ቀን ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩበትን ኮምፒውተሬን ከአንድ አሮጌ ድራም ማሽን ጋር የሙዚቃ መሣሪያዎችን በሚያናብበው በሚዲ ገመድ አገናኘሁ። ሐሳቤ ድራሙ ምቱን እንዲመራ፣ ኮምፒውተሬ እንዲከተል ነበር። እኔ ቀልበ ቢሱ ግን ስክሪኑ ላይ «ምት ተቀበል» በሚለው ፈንታ «ምት ላክ» የሚለውን ነክቼ ኖሯል።

ማስጀመሪያውን ተጫንኩ። ፍጥነቱ በደቂቃ ዘጠና ምት። ድራሙ ዝም...

የእማዬ መኪና ግን ከኔ ምት ጋር እኩል መምታት ጀመረ።

አጋጣሚ ነው ብዬ ሳቅሁ። ወደ ስልሳ ዝቅ አደረግሁት። መኪናው ቀስ አለ። ወደ መቶ ሃያ ከፍ አደረግሁት።

«ኧረ ይሄን እግሬን ምን ነካብኝ» አለች እማዬ ከማዶ። «አንተ ልጅ፣ ያንን ኮተትህን ተወውና መጥተህ ቁርስህን ብ...»

ልመልስላት ብዬ ማቆሚያውን የተጫንኩት ያኔ ነው። ቃሏ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ሮጥኩ።

እግሯ መርገጫው ላይ ነው። አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል። መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ...

ትንፋሽ የለም።

በቁሜ ሞትኩ። እየተደናበርኩ ተመልሼ ማስጀመሪያውን ተጫንኩ።

«...ላ» አለች እማዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። ይህ ነገር ከቆመ እናቴን አጣኋት ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ ዘጠና መልሼ እጄን ሰበሰብኩ።

ቀና ስል ስክሪኑ ላይ የምርጫው ምልክት ቦታ ቀይሯል። እኔ ሳልነካው «ምት ተቀበል» ላይ ሆኗል።

ፍጥነቱ በራሱ መውረድ ጀመረ። ሰማንያ... ሰባ አንድ... ሃምሳ...

«ልጄ... ደከመኝ» አለች እማዬ።

«አይዞሽ እማ... መጣሁ» አልኩ በሹክሹክታ። ዓይኔን ግን ከቁጥሩ መንቀል አልቻልኩም።

ድራሙን አየሁት። መብራቱ ጠፍቷል። ታዲያ ምቱን የሚልከው ማነው?

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከድራሙ ተነቅሏል። ጫፉ ግን መሬት አልወደቀም። አየር ላይ ተወጥሮ ክፍሌ ጥግ ካለው ቁም ሣጥን ጀርባ ገብቷል።

ሠላሳ... አሥራ ዘጠኝ...

መኪናው አንዴ ቀጭ አለ። ቀጣዩ ዘገየ።

ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት።

ከዚያ በኩል የያዘው... ሳይቸኩል፣ መልሶ ጎተተው።