የእንግዳው በትር

በናሕራ መንግሥት የሙጫ ዛፎች በጠራራ ፀሐይ ደም አለቀሱ። የቤተ መንግሥቱ ነቢያት «ክፉ ምልክት ነው» አሉ። ወይ ጉድ! ይህን ለማለትስ ነቢይ መሆን አያሻም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የልዕልት ትርንጎ አያት ንጉሥ በነበሩበት ዘመን ነው። ከባሕር ማዶ ሰዎች መጡ። በአገራቸው ሌት ተቀን ጨርቅ የሚሠሩ የብረት መዘውሮች አሏቸው፤ መዘውሮቹ ያለ ናሕራ ሙጫ አይዞሩም፣ ጨርቁም ገዢ አጥቶ ተከምሯል። እናም በወደቡ፣ በንጉሡ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ደጅ፣ አንድ የብረት ካስማ ተከሉ። በናሕራ እንግዳ የተከለውን በትር ከራሱ በቀር ማንም አይነቅልም፤ ምድሪቱም ባለበትሩን ትሸከማለች። ንጉሡም «የእንግዳ ነገር ነው፣ ተዉት» አሉ። እንግዶቹ ሞኞች አይደሉም፤ ሁለተኛ ጨመሩ፣ ሦስተኛ ደገሙ፣ እስከ ጫካው ዘለቁ። በካስማዎቹ መካከል ጭስ የሚተፋ የብረት ዘንዶ ሙጫ ጭኖ ይሄድ፣ ርካሽ ጨርቅ ጭኖ ይመለስ ጀመር። ሸማኔው ሥራ ፈታ፤ ጎበዙ ሁሉ ዛፍ ሊያደማ በጅራፍ ተነዳ። አሁን ዛፎቹ ከሞቱ ምንጮቹም አብረው ይደርቃሉ።

ንግሥት ሐመልማል በሸንጎ ተነሡ። «የመጀመሪያው ካስማ ቢነቀል ሌሎቹ ይከተሉታል። ወጉን ሽሮ ሊነቅለው የሚችለው ግን እንግዳውን የተቀበለው ቤት ልጅ ነው፤ የነቀለም አገር የለውም፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል» አሉ። ያለቻቸው ልጅ አንዲት፣ ትርንጎ ናት።

«በአያቴ አጥንት እምላለሁ፣ እነቅለዋለሁ!» አለች ትርንጎ።

ሸማኔው አባ ቀጸላ «እኔስ ሥራ ፈት ነኝ፣ ምን ቀረኝ?» ብለው ተከተሏት። በክንፋም በቅሎ ሰባቱን ተራሮች ተሻግረው ወደቡ ደረሱ። እሳት የሚተፋ ብረት የታጠቁ ዘበኞች ካስማውን ከበዋል። ሽማግሌው የተቀደደ ጨርቅ እያውለበለቡ ሄዱባቸው።

«በአንድ እጥበት አለቀ እኮ! ይህ ጨርቅ ነው? ለውጡልኝ!»

ዘበኞቹ ተሰብስበው ሲስቁባቸው በቅሎዋ ትርንጎን ጭና ከላይ ወረደች። ትርንጎ ካስማውን መዳፏ እስኪላጥ ሳበች። ካስማው ሲነቀል ሌሎቹ ተራ በተራ ወደቁ፤ ምድሪቱ ዘንዶውን መሸከም እምቢ አለች፣ ጭቃም ዋጠው። እንግዶቹ ወደ መርከባቸው ሮጡ። እየሸሹ በተኮሱት እሳት አባ ቀጸላ ወደቁ፤ ትርንጎ በዚያው በተቀደደ ጨርቅ ገንዛ፣ እያለቀሰች ቀበረቻቸው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ስትመለስ ሕዝቡ ይጨፍራል። እሷ ግን እንደ እንግዳ ወግ የመንገድ በትሯን ከእናቷ ደጅ ተክላ ቆመች። ንግሥቲቱ ውኃ ይዘው ወጡና ተንበርክከው እግሯን ማጠብ ጀመሩ።

«ከየት ነዎት፣ እንግዳ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ከሩቅ ነኝ፣ እመቤቴ። አንድ ሌሊት ያሳድሩኝ።»

እግሯ ነጽቶም ንግሥቲቱ አልለቀቁትም። ትርንጎ የእናቷን ሽበት ከላይ ሆና ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ሲነጋ ወደ ተራሮቹ ሄደች። በትሯን ግን አልነቀለችም። ከእሷ በቀር የሚነካው የለም፤ ዙሪያውን ንግሥቲቱ ራሳቸው በየማለዳው ይጠርጉታል።