ከማብሪያው ሥር የተነሳው ጫማ

የሳሙና ፋብሪካው ገንዳ ፋቂ በእግሩ ከገባበት የማደባለቂያ ገንዳ በቃሬዛ ወጣ። ማሽኑን ያስነሳችው ታላቅ እህቱ ናት። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ካቴናውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር፤ የሚያስብ ጭንቅላት ይጠፋል እንጂ ካቴና መቼ ይጠፋል!

መርማሪዋ ግን ወለሉን አየች። ከማሽኑ ማብሪያ ሥር የሳሙና ዱቄት ተነጥፏል፤ መካከሉ ላይ የሁለት ጫማ ቅርጽ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ገንዳ የሚፍቅ ሰው ጫማውን እዚያ ያኖራል። ጫማ ካለ ማሽን አይነካም፤ እኛው ሠራተኞቹ ለእኛው ያወጣነው ሕግ ነው። እኔ ስመጣ ምንም አልነበረም! ወንድሜን እያወቅሁ የምፈጭ አውሬ ነኝ?»

ጫማው ከመግቢያው ቁም ሳጥን ተገኘ፤ ጥንዱ ገጥሞ፣ ተረከዙ ወደ ግድግዳ ዞሮ።

በዚያ ጠዋት ከእህቲቱ ሌላ የነበሩት መጋዘን ጠባቂውና አለቃው ብቻ ናቸው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው ጠባቂውን።

«ተጣልቻለሁ። ሰው ሁሉ በተጣላ ቁጥር ቢገድል ቀባሪ ይጠፋ ነበር።»

አለቃው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ እያስተካከለ መለሰላት። «ሠራተኛ አይበረክትልኝም። ወሬኛ ሁሉ! በሥራ ሰዓት ማውራት ከልክያለሁ።»

ሦስቱንም ከገንዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጫማው እዚህ ነበር፤ ዱቄቱ ይመሰክራል። ሊገድል ያሰበ ሰው ቢያነሳው ይደብቀው ነበር። ይኼኛው ግን አሰማምሮ ደረደረው። ዝርክርክ ነገር ዓይኑን የሚወጋው ሰው ነው። ሠራተኛ ደግሞ ትርጉሙን ያውቃል፤ እጁን ቢቆርጡት አይነካውም። እንግዲህ እዚህ ቤት የማያውቅ ማን አለ?»

«ማንም አልነገረኝም!» አለ አለቃው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«አምና ልነግርዎ ገብቼ ነበር» አለ ጠባቂው። «'ውጣና በሩን ዝጋው' አሉኝ። ከእኔ በፊት ሊነግሩዎት የሞከሩትም በዚያው በር ወጥተው ቀሩ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች መርማሪዋ። ወደ እህቲቱም ዞራ «አንቺ ነፃ ነሽ» አለቻት።

«ማብሪያውን የተጫነው ጣቴስ?» አለች እህቲቱ።

መርማሪዋ ካቴናውን ወደ አለቃው አመለከተች። ገና ወደ መኪናዋ ሳትደርስ ከበላይ ስልክ ተደወለ፤ «ስሕተት ነው» ተባለና አለቃው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከበሩ ውጪ የሟቹን ቦታ የፈለጉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሬሳው እንኳ አልቀዘቀዘም።

«እሜቴ፣ አለቃው እንዴት ያለ ሰው ነው?» አላት መርማሪዋን፣ ከሰልፉ ፊት የቆመው።

«ሰው አይሰማም።»

«እሱስ ግድ የለም» አለ ሰውየው። «እኔም አልናገርም።»