የኪሞራ ሁለት ተናጋሪዎች

«ዝናብን ምን ትሉታላችሁ?» አለች የቋንቋ ተመራማሪዋ፣ መቅረጫውን ወደ ልጅቷ እያስጠጋች።

«ቱሽ።»

ይሄኛው ቀላል ነው፤ ኪሞራ ብለው ለሰየሙት ቋንቋቸው ቱሽን ከጓደኛዋ ከቀጭኔ ጋር ከፈጠሩት ቆይቷል። ቀጭኔ፣ ቁመቷን አይተው የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ስም ነው፣ አጠገቧ ተቀምጣ ጥፍሯን በጥርሷ ትከረክማለች። ትከርክም! ጉዱን ያፈላችው እሷ ናት። የጂኦግራፊ መምህሩ ዴስካቸው ላይ የማያውቀው ፊደልና ቁጥር ተጽፎ አግኝቶ ሲቆጣ፣ ቀጭኔ ዓይኗን በጨው አጥባ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የእሷ አያት ቋንቋ ነው! ከማንም ቋንቋ ጋር አይዛመድም። የሚችሉትም አያቷና እሷ ብቻ ናቸው» አለችው። ከቅጣት ለማምለጥ ያህል ነበር። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይጠራል ብሎ ማን ጠርጥሮ!

ይኸው አሁን መምህራን ክፍል ቁጭ ብለዋል። መምህሩም በኩራት ጥግ ላይ ቆሟል።

«ለምንድን ነው በስድስት በስድስት የምትቆጥሩት?» ጠየቀች ተመራማሪዋ።

የቀጭኔ እናት ሱቅ እንቁላል የሚመጣው በስድስት በስድስት ታሽጎ ስለሆነ ነዋ! ልጅቷ ይሄን ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዋጠችው።

«ፀሐይ ወጥቶ እያለ የሚዘንበውንስ? ለብቻው ስም አለው?»

የለውም። ግን ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እስከ ዛሬ እንዴት አላሰቡትም?

«ሶልሚ» አለች ልጅቷ ሳታስበው። ቃሉ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም፤ ደስታው ግን ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

ተመራማሪዋ «ሶልሚ» እያለች ጻፈችው። ዓይኖቿ እንደ ሕፃን ዓይን ያበራሉ። «ነገ አያትሽ ጋ እንሄዳለን። እሳቸው ሲሉት መስማት አለብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ልጅቷ እውነቱን ብትናገር የእነዚያ ዓይኖች ብርሃን ይጠፋል፤ ቀጭኔም ትቀየማታለች። ዝም ብላ ማታ ቃላቱን አያቷን ብታስጠና ደግሞ ኪሞራ የአያት ይሆናል። የአያት ቋንቋ ላይ ደግሞ ማን ቃል ይጨምራል?

ቀጭኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«ሶልሚን ይሰርዙት» አለች ልጅቷ። «አሁን ነው የፈጠርኩት። አያቴ ምንም አታውቅም። ሁሉንም የፈጠርነው እኔና እሷ ነን።»

«ምን?!» አለ መምህሩ።

ተመራማሪዋ መቅረጫውን አጠፋች። ፊቷ ቅዝዝ ብሏል። እስክሪብቶውን ግን አላስቀመጠችም። «ታዲያ ለምን እሱ ብቻ ይሰረዛል? ሌሎቹንም ፈጥራችኋቸው የለ?»

«ሁለታችንም ካልተስማማንበት ቃል አይሆንም።»

ሁሉም ወደ ቀጭኔ ዞሩ። ቀጭኔ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አሁንም «ትዋሻለች» ማለት ትችላለች፣ መምህሩም ያምናታል።

«ሶልሚ ደስ አይልም» አለች በመጨረሻ። «ሶልማ ይሻላል።»

ልጅቷ በሆዷ ደጋግማ ሞከረችው።

«ይሁን» አለች።