ቆጣሪው ላይ የተሰቀለው መለዮ

መቶ አለቃ ዓምደሚካኤል ወደ አባይነህ ቤት ሲመለስ የሰው ዓይን ማየት አፍሮ ነበር። ትናንት አባይነህ የባህር ውሃ ከሞላበት የመስታወት ገንዳ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ሰላሀዲንን አስሮ የወሰደው እሱ ነው። ከገንዳው የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ግድግዳ አልፎ የሰላሀዲንን መርፌዎች ስላዛገ፣ «አንድ ቀን ይሄ ውሃህ ይበላሃል» ማለቱን ሰፈሩ ሰምቷል። መቶ አለቃው አድሮ ሲያስበው ነገሩ የጎረቤት ንዴት እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሰላሀዲን ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ሊተላለፍ ነው፤ በዚያ በአብዮቱ ዘመን እዚያ ገብቶ የወጣ ጥቂት ነው።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ የተወረሰ ቤት ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖርበታል፤ ጠቡም ፍቅሩም ከዚያው ከቆጣሪው ይነሳል።

«ወይዘሮ የሺ፣ ባለቤትዎ ምን እየሠራ ነበር?»

«የባህር አበባውን እየቆረጠ። አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ ከምጽዋ በጀሪካን ያመጣው። በምላጭ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ግማሽ ድኖ ሙሉ ይሆናል። እንዲህ ነው የሚያራባው። እኔ ገበያ ነበርኩ።»

«መብራት በርቶ ነው የሚቆርጠው?»

«ኧረ የለም። ውሃው ካልረጋ አይነካውም። ፓምፑም ራሱ የገጣጠመው ስለሆነ ይፈራዋል። ቆጣሪውን ያጠፋና የባህር ኃይል መለዮውን እዚያው ላይ ይሰቅላል። አትንኩ ማለቱ ነው።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ገንዳውን አየ። እንስሳው እስከ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። ትናንት ሲገቡ ግን ፓምፑ እየሠራ አረፋ ያወጣ ነበር፤ መለዮውም ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

እዚያው ቤት የሚኖረው የሒሳብ ሠራተኛ ፀሐዬ ራስ ምታት ይዞት ክፍሉ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ።

«ፎርኔሎህን አልለኮስክም?»

«ሽቦው ተበጥሷል፤ ይዩት። ስድስት ሰዓት ላይ ብቻ ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ ለነገው ሰልፍ ካኪ ላይ የሚሰፋ ዓርማ ሲታደል።» ፎርኔሎው እውነትም ተበጥሷል።

በዚያው ኮሪደር የምትኖረው የሟቹ እህት እፀገነት የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ካኪዋ በሯ ላይ ተሰቅሏል።

«ዓርማውን ሰላሀዲን ሰፍቶ እንደሰጠኝ ወደ ስብሰባ ወጣሁ» አለች። «ካኪውን የተኮስኩት ከትናንት በስቲያ ነው።»

ዓርማውን በጣቱ ዳሰሰና ወደ ሰላሀዲን ክፍል ተሻገረ። ሚስቱ ሸፊቃ የከሰል ካውያውን አሳየችው፤ ከሰል ከጠፋ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ዝጓል።

ሰላሀዲንን ከቀበሌ እንደታሰረ አስመጥቶ ሁሉንም በገንዳው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«አባይነህ መቁረጥ የጀመረው መብራት አጥፍቶ ነው» አለ። «እጁ ውሃ ውስጥ እያለ አንድ ሰው መለዮውን አነሳና አበራ፤ ከፓምፑ ወደ ውሃው የገባው ኤሌክትሪክ ገደለው። መብራት የፈለገው ማነው? የሰላሀዲን ማሽን በእግር የሚረገጥ ነው፤ ካውያውም የከሰል። የፀሐዬ ፎርኔሎ አይሠራም። ወይዘሮ የሺ ገበያ ነበሩ።» ወደ እፀገነት ዞረ። «ዓርማው የታደለው ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ክሩ ግን በካውያ ተጨፍልቋል። ስለዚህ ካኪው የተተኮሰው ትናንት ከምሳ በኋላ ነው፤ በኤሌክትሪክ ካውያ።»

እፀገነት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ተጣርቼ ነበር፤ መልስ አልሰጠኝም። ሁልጊዜ ጨርሶ መለዮውን ይረሳዋል፤ ሁላችንም ሳንጠይቅ እናነሳዋለን። ተኩሼ ወጣሁ። ስመለስ የሺ ስትጮህ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለች የሺ።

«አፈርኩ። ለአንድ ካኪ ብዬ ወንድሜን ገደልኩት ብዬ እንዴት ልናገር?»

ሰላሀዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለፈው ሳምንት እኔም አንስቼዋለሁ። የዚያን ቀን ጨርሶ ነበር፤ ልዩነታችን ይኸው ነው። በወንድምሽ ሞት አልፈርድብሽም።»

«በአንተ መታሰርስ?» አለች ቀና ሳትል።

«ሲያስሩኝ በርሽ ላይ ቆመሽ ታዪ ነበር። እሱን አትጠይቂኝ።»

መቶ አለቃው ትናንት ራሱ ያጠበቀውን ገመድ ጎንበስ ብሎ መፍታት ጀመረ። ገመዱ ሲላላ ሰላሀዲን እጁን ነጥቆ አወጣና ማንንም ሳያይ ወደ ሸፊቃ ሄደ።