አንቺ ደርሰሽ ነይ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ ከአሁኑ እወቁልኝ። ሰው ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ማውራት ሲጀምር ወጥ ሊያርርብኝ ነው ብዬ የምነሳ ሴት ነኝ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼም በዚህ ያሙኛል። ይሄንንም ቢሆን አፌን ዘግቼ ልቀመጥ ነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ደረጃው ላይ የሆነው ባይሆን ኖሮ።

ነገሩን ያመጣው ባለቤቴ ግርማ ነው። ስኳር አለበት፣ ሐኪሙ «ሰውነትህን አንቀሳቅስ» ቢለው እንደ ሰው በእግሩ መሄዱን ትቶ ሁለት ብስክሌት ገዝቶ መጣ፣ አንዱ ለእኔ መሆኑ ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ብስክሌት ተሸክሞ መውጣት መውረዱን እናንተው አስቡት። ብቻውን ይሂድ እንዳልል ደግሞ ስኳሩ ድንገት ሲወርድበት ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰ ራሱን ይስታል። እናም እሑድ እሑድ ከኋላ ከኋላው ፔዳል እየመታሁ አጅበዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ያን እሑድ በጠዋት ተነስተን በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርገን ሰበታን አለፍን። ከዚያ ወዲያ የሚያምር አስፋልት እያለለት «በመንግሥት ደኑ ውስጥ የሚያቋርጥ መንገድ አለ፣ ስልኩ ያሳያል፣ አየሩ ልዩ ነው» አለኝ። አየሩ ልዩ ነበር፣ አልዋሽም። መንገዱ ግን ኮረኮንችና ጭቃ ነው፣ የእኛ ቀጭን ጎማ ደግሞ የተሠራው ለአስፋልት ነው። ጥዱና ዝግባው ከላይ ገጥሟል፣ ጉሙ ወርዷል፣ ከፊቴ ያለውን የግርማን ጀርባ እንኳ የማየው በግድ ነው፣ ስልኩም ኔትወርክ አጣ። «ጠፍተናል» ስለው «አልጠፋንም፣ መንገዱ ነው የረዘመው» ይለኛል። ይታያችሁ!

ዳገቱ ላይ ብስክሌቱ ሲወላገድ አየሁና «ብስኩቱን ብላ እንጂ» አልኩት።

«የለም።»

«እንዴት የለም? እኔ ልያዝልህ ስልህ ይዣለሁ አላልክም?»

«መግቢያው ላይ ለጦጣዎቹ ሰጠኋቸው፣ አሳዘኑኝ።»

ለጦጣ! እመኑኝ፣ እዚያው ብገፈትረው ደስታዬ ነበር። እጁን ስይዘው ግን ቀዝቅዞ በላብ ርሷል፣ ንዴቴን ፍርሃት ቀደመው። ቶሎ አስፋልት ወጥተን ሱቅ ካላገኘን ባሌ እጄ ላይ ሊወድቅ ነው።

ያኔ ከፊታችን፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቋ… ቋ… የሚል ድምፅ ሰማን። ጋቢ የደረቡ አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ።

«እንደምን አደሩ አባባ፣ አስፋልቱ ሩቅ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሩቅ አለው ልጄ፣ እቺን ኩርባ ስታልፉ ደረሳችሁ።» ከዚያ ግርማን አዩት። «እሱ ግን ደክሞታል። እሱ እዚህ ይረፍ፣ አንቺ ደርሰሽ ነይ።»

አመስግነን አለፍን። ኩርባውን ጨረስን፣ አስፋልት የሚባል የለም። የባላገር «እዚህች ጋ ናት» ግማሽ ቀን እንደሚያስኬድ እያወቅኩ ማመኔ አበገነኝ።

ትንሽ እንደሄድን፣ ቋ… ቋ…። እኚያው አዛውንት፣ ያው ጋቢ፣ ከፊታችን ሌላ ድንጋይ ላይ። እኛ በጎማ፣ እሳቸው በእግር፣ እንዴት ቀደሙን? የአገሬው ሰው አይደሉ፣ አቋራጭ ያውቃሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን እኔ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሻለሁ፣ የሳቸው ጥቁር ቆዳ ጫማ አሁን ከሊስትሮ እንደተነሳ ያበራል።

«አባባ፣ ደርሳችኋል ብለውን አልነበር እንዴ?»

«ደርሳችኋል እኮ፣ እቺን ኩርባ ብቻ። እሱ ይረፍ፣ አንቺ ደርሰሽ ነይ።»

ክፋት የለውም አይደል? ማንም ደግ ሰው የሚለው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከጅሎ ነበር፣ ብቻዬን ብበር ለስላሳ ገዝቼ ቶሎ እመለሳለሁ። ያስቀረኝ እልህ ነው፣ ብስኩቱን ለጦጣ ያበላ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እየተዝናና እኔ ልላላክለት? ብስክሌቱን ይገፋል አልኩ፣ እየተጨቃጨቅኩ ነዳሁት።

ለሦስተኛ ጊዜ ድምፁ ሲመጣ ግርማ እኔን አልጠበቀም። ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፎ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። አዛውንቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፣ የጋቢያቸውንም ጫፍ አንስተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ግርማ ዓይኑን ጨፈነ። ቅድም ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች የት እንደገቡ እንጃ፣ ጫካው ጭጭ አለ።

ለሽማግሌ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ አስተዳደጌም አይደለም፣ ያን ቀን ግን ጮህኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ባሌን ይልቀቁልኝ! ተነስ አንተ! ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ!» በማሊያው አንገት ጎትቼ አስነሳሁት።

አዛውንቱ አልተቆጡም። «ይሁን ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» አሉኝ።

ኩርባውን ስናልፍ አስፋልቱ ቁጭ ብሏል። መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ለስላሳ ገዝቼ አጠጣሁት፣ ቀስ በቀስ ፊቱ ወዝ አገኘ። እስኪበረታ ድረስ ስለ አዛውንቱ ለባለሱቋ ባወራላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ተቀመጠ?»

«ትንሽ» አልኳት።

ለምን እንደጠየቀችኝ ብወተውታት ዕቃዋን መደርደር ጀመረች።

ቤት ገብተን «አልፈራህም?» ብለው «ምኑ ያስፈራል? ጋቢው እንዴት ይሞቅ ነበር መሰለሽ» አለኝ። ያንን መንገድ እንድገመው እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር፣ እኔም ብስክሌቶቹን በሰንሰለት ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እዞራለሁ። ከረሜላ ደግሞ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሲመሻሽ ከተክለ ሃይማኖት ሽንኩርት ገዝተን ስንመለስ መብራት ጠፍቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ግርማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እዚህ ልረፍ፣ አንቺ ደርሰሽ ነይ።»

ቃል በቃል። ከረሜላውን አፉ ውስጥ ከትቼ «እዚህ አትቀመጥም፣ ተነስ!» አልኩት። ያኔ ከላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ቋ… ቋ… እያለ ደረጃውን የሚወርድ ሰው ሰማሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ጥሩነሽ ከዘራ ይይዛሉ፣ እሳቸው ናቸዋ ብዬ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» ብዬ ተጣራሁ። ቋ… ቋው መውረዱን ቀጠለ። ከዚያ ትዝ አለኝ፣ እማማ ጥሩነሽ ሰሞኑን ልጃቸው ጋ ናቸው።

«ግርማ፣ ተነስ» አልኩት፣ በልመና።

ግርማ አልተነሳም። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።