ያልፈላው ውሃ

ሙዓዊያ በገዛ መጭመቂያው ብረት ተመትቶ፣ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ክምር አጠገብ በአፍጢሙ ተደፍቷል። ከዚያ ፍሬ ዘይት ጨምቆ የመኪና ነዳጅ የሚሠራ ሰው ነበር። ኢንስፔክተር ቦሰና ዊንጌት አካባቢ ካለው ግቢ ስትደርስ፣ ታላቅ ወንድሙ ሀምዳን ሬሳውን ትቶ በሟች ሚስት በጀና ላይ ያፈጣል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ጀናን እሰሯት እንጂ። ከእሷና ከዚህ መካኒክ በቀር እዚህ ማን ያድራል?»

ካቴና የያዘው ፖሊስ ቦሰናን አየ። እሷ ግን ሀምዳንን ገና ከበሩ ጠልታዋለች። ወንድሙ የሞተበት ሰው ይህን ሁሉ ምላስ ከየት ያመጣል?

ጀና ሬሳውን ያገኘችው ንጋት ላይ የፈላ ውሃ ይዛ ስትገባ ነው። ማንቆርቆሪያው አሁንም እግሯ ሥር አለ።

«ውሃው ለምንድን ነው?» አለች ቦሰና።

«ለመኪናው» አለ መካኒኩ ጉታ። «የሽፈራው ነዳጅ የጉለሌን ብርድ አይችልም። ውጭ ካደረ እንደ ቅቤ ይረጋል። ጠዋት የነዳጅ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ሙቅ ውሃ ካልፈሰሰበት ሞተሩ አይነሳም። ሙዓዊያ አሠራሩን ለገበሬዎች በነፃ አስተምራለሁ ስላለ፣ ይኸው ፍሬ ነጋዴ ወንድሙ ትናንት ሊያንቀው ነበር።»

«አፍህን ዝጋ» አለ ሀምዳን።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለችው ቦሰና።

«ቤቴ ተኝቼ ነዋ። ጀና ስትደውል ጫማዬን እንኳ ሳላስር ፒካፔን አስነስቼ በረርኩ።»

«እውነት ነው» አለች ጀና፣ ድምፅዋ ደርቆ። «ስልኩን ዘግቼ ሻሼን ሳላስር ደረሰ።»

«ፒካፑ ውጭ ነው ያደረው?»

«ታዲያ ሳሎን ይደር?»

«ነዳጁስ?»

«የወንድሜ ነው። ሌላ ነክቼ አላውቅም።»

ቦሰና ጉታን ከፒካፑ ነዳጅ በብርጭቆ አስቀዳችና ጥላ ውስጥ አኖረችው። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ሦስቱን ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ብርጭቆውን ገለበጠችው፤ አንድም ጠብታ አልወረደም።

«ይህ ከመኪናዎ የተቀዳ ነው። እዚህ ጥላ ውስጥ ብቻ ነው የቆየው። ውጭ ያደረው መኪና ታዲያ እንዴት ወዲያው ተነሳ?»

«ውሃ... ማለቴ፣ ውሃ አፍልቼ አፈሰስኩበት።»

«ጫማ ለማሰር ያልበቃ ጊዜ ውሃ ለማፍላት በቃ? እሷ ሻሿን ሳታስር ነው የደረሱት። መኪናው የተነሳው ሞተሩ ገና ስላልበረደ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተረጋግተው ሙቅ ውሃ አፍስሰው አስነስተው እዚህ መጥተው፣ ወንድምዎን መትተው ተመልሰዋል። ስልኩ ሲጠራ ቤትዎ ገና መግባትዎ ነበር።»



«የአባታችንን ንግድ ለባዳ ሊበትነው ነበር» አለ ሀምዳን። «ለምኜዋለሁ። ወላሂ ለምኜዋለሁ።»

ለጀና የተዘጋጀው ካቴና እሱ እጅ ላይ ገባ። ጀና ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ለባሏ መኪና ያፈላችው ውሃ በርዷል። ሀምዳን እግር ሥር ደፋችውና የግቢውን በር ከፈተችላቸው።