አውርደው

መስቀሉ በነጠላ እንደተጠቀለለ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ሻጩ ዘመኑ ከፊት ወንበር አቀበለ፤ የውጭ አገሩ ገዢ ክሌመንስ ከኋላ ተቀበለ። ሾፌሩ ታፈረ ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ከብልባላ ወደ ላሊበላ በገደሉ አፋፍ ታጠፈች።

ከክሌመንስ ጎን የተቀመጠችው ንጋት ለሁለቱ ነጋዴዎች አስተርጓሚ ናት። ለመሥሪያ ቤቷ ግን «ጧፍ» ናት፤ የተሰረቀ ቅርስ የምታሳድድ ሰላይ። ወደፊት፣ ከኩርባው ማዶ ፖሊሶች አድፍጠዋል። የሽያጩን ሚስጥር ያወጣላት ታፈረ ነበር፤ መስቀሉ ልጆቹን ያስጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነዋ።

የክሌመንስ ስልክ ነዘረ። መልእክቱን አነበበና ፊቱ ጠቆረ። በአገጩ ታፈረን እየጠቆመ፣ ይኼ ሰው የፖሊስ ነው አለ በእንግሊዝኛ። «ፖሊስ» የምትለውን ዘመኑም ሰማት።

«ድሮፕ ሂም» አለ ክሌመንስ።

ቃሉን በየቀኑ ትሰማዋለች። ቱሪስት «ድሮፕ ሚ» ካለ ሆቴሌ አውርጂኝ ማለቱ ነው። የተሰረዘ ጉዞም ድሮፕ ነው፤ ተዉት። በሥልጠናዋ ጊዜ ደግሞ ዕቃ በስውር የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ከከፍታ መጣልም ድሮፕ ነው።

የትኛው?

ብትጠይቀው መራራቷ ይታወቅባታል።

«ምን አለ?» አለ ዘመኑ። እጁ ሽጉጡ ላይ ነው።

«ተወው» ልትል ትችል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ለራሷ ፈራች።

«አውርደው ብሏል።»

መኪናዋ ቆመች። ታፈረ ከመውረዱ በፊት በስፖኪዮው አያት። አልለመናትም፤ አላጋለጣትምም። ዘመኑ እየገፋ ከአንድ አለት ጀርባ ወደ ገደሉ ወሰደው።

ድንጋይ ተንከባለለ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ዘመኑ ብቻውን ተመልሶ መሪውን ያዘ። ክሌመንስ ፊቱ አመድ መስሎ ተንተባተበ። እዚህ ትተነው እንሂድ ነው ያልኩት ይላል ደጋግሞ። ንጋት ይህንን አልተረጎመችውም።

ብዙም ሳይርቁ መንገዱ ተዘጋ። መስቀሉ ተያዘ፤ ሁለቱም ታሰሩ። ለማስመሰል እሷንም በካቴና ወሰዷት።

አለቃዋ ሀብተ ሥላሴ ጣቢያው ጓሮ ጠበቋት። መልእክቱን ማን እንደላከው ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ፣ የእነሱ ሰው መስዬ። አንቺን መጠርጠር ጀምረው ነበር። አንድ ስም መስጠት ነበረብኝ።»

«ገደሉት እኮ።»

«ያባርሩታል እንጂ ይገድሉታል አላልኩም።»

ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ምን ብላ? ሰውዬው የሞተው በእሳቸው መልእክት ብቻ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ፣ ወሬው ገና ሳይሰማ፣ ሻሽ አስራ መናኸሪያ ወረደች። ወደ ጋሸና የሚሄደው ሚኒባስ በገበያተኞች እየሞላ ነበር፤ ገብታ መስኮት ዳር ቦታ አገኘች። አንዲት ሴት ከመኪና መኪና እየዞረች ትጠይቃለች። ንጋት ጋ ስትደርስ መስኮቱን ያዘች።

«እታለም፣ ታፈረ የሚሉት ሾፌር አላየሽም? ባለቤቴ ነው። ስልኩ አይነሳም።»

ንጋት ቀና ብላ አላየቻትም።

«አላውቀውም።»

ሴትየዋ አመስግናት ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ንጋት ከገበያተኞቹ መሀል ተሸጉጣ ተቀመጠች፤ ማንም ልብ ያላት አልነበረም።